የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይመር የሕይወት ታሪክና ሰባ ሰባት ዓመት ያደረው መርዶ

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር እንግዳ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ በለጠ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በወረኢሉ አውራጃ፣ በጥቅምት ወር 1932 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የጻፈው ሰው የለም፤ እናታቸው «ገብስ ሲታጨድ ነው የወለድኩሽ» ስለሚሏቸው ጥቅምት ያሉት ራሳቸው ናቸው። አሜሪካ ሲገቡ ወረቀታቸውን የሞላው ሰው ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈባቸው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ደውሎ «ሃፒ በርዝዴይ» የሚላቸውን ሰው «የተወለድኩት እኔ ነኝ ወይስ ዘመኑ?» ብለው ያፋጥጡት ነበር።

ይህን የምጽፈውና የማነብላችሁ የእህታቸው የወይዘሮ ወይንሸት ልጅ፣ እሳቸው ያሳደጉኝ ሊዲያ ነኝ። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟች ሁሉ ታጋሽና ሰው ወዳድ ይሆናል። እትዬ ሰው ይወዱ ነበር፤ ታጋሽ ግን አልነበሩም፤ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ያሉት ካልሆነ በቤታችን ሰላም አልነበረም። ባለፈው ወር አልጋ ላይ ሆነው «የኔን ታሪክ ስታነቢ ሙሉውን አንብቢ፤ አሳምረሽ ብትቆርጪው ተነስቼ አርምሻለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። አሁን ግን አያስቀኝም። አንዳንዱ ነገር ለጆሮ ቢከብድም ሙሉውን አነባለሁ፤ አባቶቼ ካህናትም ይፍቱኝ።

አባታቸው አቶ ይመር በአገሩ የታወቁ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል፤ እሳቸውም ዘመድ አሰባስበው፣ ጎሕ ሲቀድ የሟች ቤተሰብ ደጃፍ ላይ ቆመው ይናገራሉ። እትዬ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አባታቸውን እየተከተሉ ሥርዓቱን ተማሩ። ሬሳውን በዓይኑ ያየ፣ ወይም ካየ ሰው የሰማ ምስክር ሳይኖር መርዶ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። በሽተኛ ላይ አይጣልም፤ እስኪያገግም ይደበቃል። ከእናታቸው ደግሞ ሌላ ነገር ተማሩ። ወይዘሮ እንቁ ጀምበር ስትጠልቅ ልጆቻቸውን ደጅ ወጥተው በስማቸው አይጣሩም ነበር። ሄደው እጃቸውን ይዘው ነው የሚያመጧቸው። ለምን ሲባሉ «አቤት የሚለው ማን እንደሆነ በምን አውቄ?» ይሉ ነበር ይባላል።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ደሴ ተልከው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያም በረዳት ነርስነት ሠልጥነው እዚያው ደሴ በሐኪም ቤት አሥራ ሦስት ዓመት አገለገሉ። በ1957 ዓ.ም. ከመምህር ባስልዮስ ጋር በተክሊል ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። በኅዳር 1970 ዓ.ም. መምህር ባስልዮስ ከትምህርት ቤት እንደወጡ ተወሰዱ። እትዬ አራት ወር ስንቅ ሲያመላልሱ ቆይተው አንድ ቀን ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላቸው። ሌላው ሴት ሁሉ ይህን ቃል ሲሰማ ጥቁር ለብሷል። እሳቸው አልለበሱም። ሬሳውን ያየ ማነው? ምስክር ከሌለ መርዶ የለም ብለው ቀሩ። እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ ጥቁር ሳይለብሱለት፣ ሳይቀመጡለት፣ ሌላም ባል ሳያገቡ ኖሩ። ያሉኝን ነው የምነግራችሁ።

በሱዳን በኩል ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1984 ዴንቨር ገቡ። ከዚህ በኋላ ያለውን ዓመት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ሆቴል አጸዱ፣ ልብስ ተኮሱ፣ በመጨረሻም ወደ ለመዱት ሙያ ተመልሰው በሆም ኬር ሽማግሌና አሮጊት ይጠብቁ ጀመር። በ1989 እናቴ ስታርፍ እኔን አስመጡኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። በሩን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያሉኝ «ጫማሽ ጠቧል» ነው፤ በዚያው ምሽት ወስደው ሌላ ገዙልኝ።

የዚህ የከተማችን የኦሮራ ሰው ግን ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን የሚያውቃቸው በመርዶ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ስልኩ የሚደወለው ለእሳቸው ነበር። እሳቸውም መጀመሪያ የሰውየውን ሺፍት ያጣራሉ። ታክሲ የሚነዳ ከሆነ መኪና ውስጥ እያለ ማንም እንዳይደውልለት ለአገሩ ሁሉ ያስጠነቅቃሉ። የደም ግፊትና ስኳር እንዳለበት ይጠይቃሉ። ከዚያ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሃቫና ስትሪት አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ይሰበሰባል፤ መኪናው ከቤቱ መስኮት እንዳይታይ ራቅ ተደርጎ ፓርክ ይደረጋል፤ በእግር ይኬዳል። አቶ ሓጎስ ሁልጊዜ ከጎናቸው ነበሩ። አቶ ሓጎስ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ በሽተኞችን በቫን የሚያመላልሱ ወዳጃችን ናቸው፤ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል። «ዘርፌ በሬን በጠዋት ካንኳኳች ሳልከፍት በመስኮት ነው የምጠፋው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በሴፕቴምበር 2001 እትዬ ሚስ ኮራ የሚባሉ የዘጠና ዓመት አሮጊት መጠበቅ ጀመሩ። ቤታቸው ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ያለ የቀይ ሸክላ ቤት ነው፤ እትዬ በ15 ቁጥር አውቶቡስ ይመላለሱ ነበር። ሚስ ኮራ ባል አላገቡም፣ ልጅም የላቸውም። በመጀመሪያው ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዊልቸራቸውን ወደ ጓሮ በር እንዲያስጠጉላቸውና በሩን ወለል አድርገው እንዲከፍቱ አዘዙ። ከዚያ በቀጭን ድምፃቸው ወደ ጓሮው የአንዲት ልጅ ስም ጠሩ። አንድ ጊዜ ብቻ። አባታችን ሆይ ተደግሞ እስኪያልቅ ያህል ጠበቁና «ዝጊው» አሉ። በማግሥቱም እንዲሁ። በበረዶም፣ በዝናብም እንዲሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ አልጠራውምም። የልጅቱ ዘሮች የሞተ ሰው ስም በአፋቸው አያነሱምና እኛም እንዳናነሳው ለምነውናል።

እትዬ አንድ ሳምንት አዩና ጠየቁ። ሚስ ኮራም ነገሯቸው። በ1866 የሚስ ኮራ ቤተሰብ ቴክሳስ ገብቶ የሰፈረ ገበሬ ነበር። መሬቱ ኮማንቺ የሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሚያድንበትና ፈረሱን የሚያሰማራበት ነው። ሰፋሪው ቤት ሲሠራ ማንንም አልጠየቀም፤ በዚህም የተነሳ በሁለቱ መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ። አንድ ቀን ሲመሻሽ ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ የዘጠኝ፣ አንዷ የስድስት ዓመት፣ ከጓሮ ጭራሮ ሲለቅሙ ፈረሰኞች ደረሱ። ታላቂቱ የታናሿን እጅ ለቃ በቆሎ ውስጥ ተሸሸገች። ታናሿ ተወሰደች። እናትየዋ በጓሮ በር ብቅ ብላ የሁለቱንም ስም ስትጠራ አንዷ ብቻ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ፣ በዚያው ሰዓት የታናሿን ስም ጠራች። እሷ ስትሞት ታላቂቱ ተቀበለች፤ ኮሎራዶ ሲመጡም አላቋረጠችም። ከእሷ ልጇ፣ ከልጇም የልጅ ልጇ ሚስ ኮራ ተቀበሉ።

እትዬ ያን ቀን ቤት ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እራት አቅርቤ አልበሉም። «መርዶ ያልደረሳቸው ሰዎች ናቸው» አሉኝ፤ «መቶ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገራቸውም።» ስለ ማን እንደሚያስቡ ገብቶኛል፤ አልጠየቅኋቸውም። የእናታቸውም ነገር አስፈርቷቸዋል። በዚያ ሰዓት፣ በተከፈተ በር፣ ስም ጠርቶ መጠበቅ ምን ይባላል? ሥራውን ይልቀቁ ብዬ ለመንኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

በሴፕቴምበር 2003 ሚስ ኮራ ስትሮክ መታቸው፤ ድምፃቸው ጠፋ። ከሆስፒታል በተመለሱ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ጓሮ በር እየጠቆሙ የዊልቸሩን ክንድ በእጃቸው ይደበድቡ ጀመር። እንባቸው ይፈስሳል። እትዬ ገባቸው። እንቢ አሉ። አሮጊቷ እስኪዝሉ ድረስ ደበደቡ። እትዬም አንጀታቸው አልችል አለና በሩን ከፍተው ጠሩ። «ልክ ያልሆነው ሥራዬ የተጀመረው ያን ቀን ነው» ይሉኝ ነበር። ሰውን በስሙ ጠርቶ ዝም ማለት ነውር ሆነባቸውና፣ ከስሙ በኋላ በገዛ አማርኛቸው «እንዴት አመሸሽ?» ብለው ጨመሩ። ከዚያ ጠበቁ። ጓሮው ጸጥ አለ። «ሊዲያ፣ ባዶ ቦታ ጸጥ ሲልና ሰው እየሰማ ጸጥ ሲል አንድ አይደለም» አሉኝ። «እየሰማችኝ ነበር።» ሚስ ኮራ እጃቸውን ይዘው አልለቅም አሉ፤ «እርስዎ እስካሉ ድረስ እጠራላታለሁ» ብለው በማርያም እስኪምሉላቸው ድረስ አልለቀቁም።

አሁን ወደ አቶ ሓጎስ ልምጣ፤ ከሳትኩ ያርሙኝ። በዚያው የበረዶ ወራት አቶ ሓጎስ በሳምንት ሦስት ቀን ከኩላሊት እጥበት፣ ከዳያሊሲስ፣ ወደ ቤት የሚመልሷቸው ሚስ ቬርና የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ሴት ነበሩ፤ የኦክላሆማ ሰው፣ በዘራቸው ኮማንቺ፣ ኦሮራ ሠላሳ ዓመት የኖሩ። ዝምተኛ ናቸው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ብቻ «ሬዲዮውን ከፍ አድርግልኝ» ይላሉ፤ ዘፈን ይሁን ወሬ ግድ የላቸውም። በፌብሩዋሪ 2004 አንድ ቀን ሬዲዮው ተበላሽቶ ነበር። ሚስ ቬርና በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ደፈኑ። አቶ ሓጎስ ደንግጠው ምን ሆኑ አሉ። ሴትዮዋም እንደ ምንም ነገር «በዚህ ሰዓት አንዲት ሴት ትጣራለች። እኔን አይደለም፤ የቅድመ አያቴን ስም ነው» አሏቸው። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ እናታቸውም ከእናታቸው። ከዚያ ጨመሩ፦ «ባለፈው ሴፕቴምበር ግን ድምፁ ተለወጠ። አሁን ሌላ ሴት ናት። ከስሙ በኋላ የማላውቀው ነገር ትጠይቀኛለች።» «ምን ብላ?» አሉ አቶ ሓጎስ። ሚስ ቬርናም «እንዴት አመሸሽ» አሉ። ፊደሉ አልተሰበረም፤ ቅላጼው የወሎ ነበር። አቶ ሓጎስ ክው ብለው ቫኑን ሃቫና ስትሪት ዳር አቆሙ፤ ፍላሸር አበሩ። ስለ እትዬም ሆነ ስለ ሚስ ኮራ ለዚህች ሴት ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሜ ጠይቄያቸው ምለውልኛል።

አቶ ሓጎስ ሁለቱን አገናኙ። እትዬ ትውልድ መቁጠር ያውቁበታል፤ በዚህ ከተማ ሙሽራ ሁሉ ሳይጋባ ሰባት ቤት ያስቆጠሩት እሳቸው አይደሉም? ሚስ ቬርናን አስቀምጠው ወደ ላይ ቆጠሩ። እናት፣ አያት፣ ከዚያ ቅድመ አያቲቱ፣ በስድስት ዓመቷ ከነጭ ሰፋሪዎች የተወሰደች ልጅ። ግራ አንጓዋ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበረባት። ሚስ ኮራ ከዓመት በፊት፣ አፋቸው ሳይያዝ፣ ልጅቱን ሳሙና የሚፈላበት ጋን አንጓዋ ላይ እንዳቃጠላት ለእትዬ ነግረዋቸው ነበር።

ልጅቱ አልጠፋችም። አድጋ፣ አግብታ፣ ስድስት ልጆች ወልዳ፣ በ1932 ኦክላሆማ ውስጥ በሰባ ሁለት ዓመቷ በገዛ አልጋዋ ላይ ሞታለች። ገንዞ የቀበራት ልጇ፣ የሚስ ቬርና አያት ናት፤ ሚስ ቬርና ከእሷው አፍ ሰምተዋል። ቅድመ አያቲቱ ዕድሜ ልካቸውን በምሽት አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጡና ልጆቹን ድስት ደብድቡ ይሉ ነበር፤ ድምፁን እንዲውጥላቸው። አንድ ቀን ብቻ «እዚሁ ነኝ እኮ፣ ለምን እንደጠፋ ሰው ይጠሩኛል?» ብለው አለቀሱ። እሳቸው ሲሞቱ ጥሪው አልቆመም፤ በልጃቸው ላይ ወረደ። እትዬ ይህን ሰምተው ስለ ሚስ ኮራ እናቶች ኀዘን ሊያስረዱ ሲጀምሩ ሚስ ቬርና አቋረጧቸው። «የእኛንም ልጆች ነጮቹ ለትምህርት ቤት ብለው በባቡር ወስደዋቸዋል» አሉ። «እነሱንስ በየማታው ማን ጠራቸው?» ይህንንም እንዳነበው ያዘዙኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ምስክር ተገኘ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ለሚስ ኮራ ሄዶ መናገር። ሚስ ቬርና «ዛሬውኑ እንሂድ» አሉ። አቶ ሓጎስም «ዘርፌ፣ ነገ የሚባል ነገር አትመኚ» አሏቸው። ግን በዚያ ሳምንት ሚስ ኮራ ሳንባቸውን ታመው ነበር፤ ሐኪሙም በጥቂት ቀን ይሻላቸዋል ብሏል። እትዬ ግትር ናቸው አላልኳችሁም? መርዶ በሽተኛ ላይ አይጣልም። ጥቂት ይበርቱ፣ ቅዳሜ ሾፌሮቹ ሁሉ ዕረፍት ናቸው፣ ሰው ይሰብሰብ፣ ጎሕ ሲቀድ እንሄዳለን አሉ። ለእኛ ለማናችንም የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ ትክክልም ነበር። ሐሙስ ምሽት፣ በሩ ተከፍቶ፣ እትዬ ስሙን እንደጠሩ፣ ሚስ ኮራ ዓይናቸው ጓሮው ላይ እንደቀረ አረፉ። ሳይረዱ።

እትዬ ይህን ለራሳቸው ይቅር አላሉም። ብዙ ሰው ሰብስበው ስንቱን ያስለቀሱ ሴትዮ፣ በዚህ ላይ ብቻቸውን ነው ያለቀሱት። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ሰማኋቸው፤ «በሥርዓት አጠፋኋት፣ በሥርዓት አጠፋኋት» ይሉ ነበር።

ቤቱ ተዘጋ። ለአሮጊቷ የማሉት አብቅቷል ብለው ዓርብ ምሽት አልጠሩም። ጠዋት ሚስ ቬርና ደወሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል፤ እንቅልፍ አልተኙም። እትዬ ሲተዉት ሌሎቹ ጀመሩ አሉ። የመጀመሪያዋ እናት፣ ታላቂቱ እህት፣ ልጇ፣ አሁን ደግሞ ሚስ ኮራ በወጣትነት ድምፃቸው፣ አራቱም ባንድ ላይ። አንድ ጊዜ ጠርተው አላቆሙም። «የአንቺን እችለዋለሁ» አሉ ሚስ ቬርና። «የእነሱን አልችልም።» እትዬ በዚያው ምሽት ከሃቫና ጀርባ ያለውን የአፓርትመንታችንን የኋላ በር ከፍተው ጠሩ፤ እንዴት አመሸሽ ብለው ጠየቁ። በማግሥቱ ሚስ ቬርና ተኝቼ አደርኩ አሉ።

አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ። አሁን ይገባችኋል። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ፀሐይ ስትጠልቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፓርኪንግ ሲወጡ «ዘርፌ ለማታ ጸሎቷ ወጣች» ትሏቸው የነበራችሁ፣ የወጡት ለዚህ ነው። የማታ ሺፍት ያልወሰዱት ለዚህ ነው። ቶርንተን ቤት ገዝቼ አብረን እንኑር ስላቸው እንቢ ያሉኝም ለዚህ ነው፤ ልጄ ነብያት ባለችበት ቤት ያንን በር መክፈት አልፈለጉም። ሚስ ቬርናም እሑድ እሑድ ይመጡ ነበር፤ ሁለቱ ብዙ ሳያወሩ ካርታ ይጫወታሉ፤ እትዬ ያጭበረብራሉ፣ ሚስ ቬርና አይተው ዝም ይላሉ።

በኦክቶበር 2008 እትዬ የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ቶርንተን አልመጣም ብለዋልና እኔ ነብያትን ይዤ እሳቸው ጋ ገባሁ። በዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። በየምሽቱ ደግፌ በሩ ጋ አደርሳቸው ነበር። አንድ ቀን በሩን ሳልዘጋ እጄን ያዙና «አንቺ እንዳትጣሪ» አሉኝ። «ቢለምኑሽም፣ እኔም ብለምንሽ እንዳትጣሪ። በእኔ ይብቃ።» ማልኩላቸው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይመር ማክሰኞ መጋቢት 1 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ማርች 10 ቀን 2009፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ቤታቸው ውስጥ አረፉ።

አሁን የምለውን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከአቶ ሓጎስ በቀር። ማክሰኞ ማታ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። እኔ ማድ ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር። ብርድ ሲመታኝ ነው የነቃሁት። የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደፉ ላይ ቆሜያለሁ፤ እጄ እርጥብ ነው፤ ጉሮሮዬ ጮኾ እንደዋለ ሰው ያቃጥለኛል። ምን እንዳደረግሁ አላወቅሁም። ስልኬ ጮኸ። ሚስ ቬርና ነበሩ። «ሊዲያ፣ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ዘወር ስል ነብያት ከኋላዬ ቆማለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእንግሊዝኛ «እማዬ፣ ያቺ የጠራሻት ልጅ ማን ናት?» አለችኝ፤ ስሟንም ደግማ አለችው። ከእኔ ቀጥሎ ማን እንደሚረከበው ያን ጊዜ ታየኝ። በሩን ዘግቼ ጀርባዬን ሰጥቼው ቁጭ አልኩ። ሚስ ቬርናን አክስቴን ሰምተዋቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አራቱን ሰማሁ፣ አንቺን ሰማሁ። አክስትሽን አልሰማኋትም» አሉ። ተመስገን ብዬ አለቀስኩ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን የምናለቅሳቸው እኔ፣ ልጄ ነብያት፣ ትናንት ጎሕ ሲቀድ ደሴ ላይ የተረዱት ወንድማቸው አቶ ሳህለ ይመር፣ እንዲሁም እዚህ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ነን። ባለቤታቸው መምህር ባስልዮስ ያሉበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ እናቶች ጎን ያሳርፍልን፤ በየደጃፉ ቆመው ያጽናኑትን ሰው ሁሉ ጸሎት ይስማላቸው፤ በሩን ከፍተው ሲጠሩ የኖሩትን ሴት በብርሃኑ ደጅ በስማቸው ይጥራቸው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። እባካችሁ ቁሙልኝ። አቶ ሓጎስ፣ ከጎኔ ይምጡ። ሥርዓቱ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እትዬ ግን ሥርዓት ሲጠብቁ ምን እንዳጡ ሰምታችኋል፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ እንናገራለን። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ እኛ ብዙ ነን፣ እነሱም አራት ናቸው። ምስክራችን ሚስ ቬርና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ እንድናገር ፈቅደውልኛል።

ሚስ ኮራ፣ እናትዎም፣ አያትዎም፣ እርስዎም መጀመሪያ በሩን የከፈቱት እናት፦ ልጃችሁ ሞታለች። ከሞተች ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ኖራለች፣ አርጅታለች። ስድስት ልጆች ወልዳለች። አልራባትም፣ ብቻዋን አልነበረችም። እጇን የለቀቀችውን እህቷን አልረገመችም። ልጇ በእጇ አጥባ፣ ገንዛ ቀብራታለች። ስትጠሯት ሰምታለች፤ አንድም ቀን ሳትሰማ አልቀረችም። ከእንግዲህ አትመጣም። ተቀመጡና አልቅሱ፤ እኛም አብረናችሁ እናለቅሳለን።

እትዬ፣ ነግረናቸዋል።